የአንዱ ማሽላ ለምን ደረቀ? የጎረቤቱስ ለምን ፍሬ ያዘ?



ገበሬ የነበረ ሁሉ በዕድሜው አንድ ጊዜ እንኳ የሚያነሣው ጥያቄ አለ። ሁለት ጎረቤታሞች በአንድ ሳምንት፣ በአንድ ዓይነት መሬት ላይ ማሽላ ይዘራሉ። ዝናቡ ለሁለቱም እኩል ይጥላል፤ ለሁለቱም እኩል ያቋርጣል። አዝመራ ሲደርስ ግን የአንደኛው ዘለላ ሞልቶ ሲገኝ የሌላው አገዳ ወድቆ፣ ፍሬውም ቀጭጮ ይገኛል። ብዙ ጊዜ ነገሩን ለዕድል እንሰጠዋለን። የዕፅዋት ተመራማሪዎች ግን ይህንኑ ጥያቄ ይዘው ከማሳ እስከ ቤተ ሙከራ ብዙ ዓመት ደክመውበታል። ካገኙት መልስ ውስጥ አንዱና ዋነኛው የተገኘው ከኢትዮጵያ ገበሬ ማሽላ ነው።

ርዕሱን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። በሞያሌና በአካባቢው ዝናብ በዓመት ሁለት ጊዜ ይጠበቃል፤ ረጅሙ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ አጭሩ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ መግቢያ። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 መጨረሻ ባለው ጊዜ በአፍሪቃ ቀንድ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሳይሳኩ አልፈዋል። በ2023 መጨረሻ ደግሞ በተቃራኒው ጎርፍ መጣ። በዚህ መካከል ከመጠለያው አጠገብ ትንሽ ቁራሽ መሬት ያገኘ፣ ወይም አንድ ቀን ወደ ቀዬው ተመልሶ ለማረስ የሚያስብ ሰው፣ በእጁ ያለችው ጥቂት ዘር እንዳትባክንበት ይፈልጋል። የትኛው ዘር ለየትኛው ድርቅ እንደሚሆን ማወቅ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው።

ድርቅ አንድ ዓይነት አይደለም

በተለምዶ «ዘንድሮ ዝናብ አነሰ» እንላለን። ተመራማሪ ግን «መቼ አነሰ?» ብሎ ይጠይቃል። ለሰብል ሦስት አስጊ ጊዜዎች አሉ። አንደኛው ቡቃያው ብቅ ሲል ነው፤ ሥሩ ገና ጥልቅ ስላልሆነ የላይኛው አፈር ሲደርቅ አብሮ ይደርቃል። ሁለተኛው አበባ ሲያወጣ ነው። ሦስተኛው ፍሬው በሚሞላበት ወቅት ነው። በመጀመሪያው ጊዜ የተጎዳ ማሳ እንደገና ሊዘራ ይችላል፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው የተጎዳ ግን መመለሻ የለውም። የወቅቱ ዝናብ ተደምሮ ሲታይ ደህና ሆኖ፣ አበባ ላይ ለጥቂት ሳምንታት በመቋረጡ ብቻ አዝመራው ባዶ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ተክልም ድርቅን የሚቋቋምበት መንገድ አንድ ብቻ አይደለም። የመጀመሪያው ማምለጥ ነው፤ ድርቁ ሳይደርስ ቶሎ ማፍራት። በኬንያ ማቻኮስ አጠገብ ካለው የካቱማኒ ምርምር ጣቢያ በ1960ዎቹ የወጣው «ካቱማኒ» በቆሎ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። የደጋው በቆሎ 6 ወርና ከዚያ በላይ ሲፈጅ፣ ይህኛው በቆላ ከ3 እስከ 4 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ይደርሳል። ከደብረ ዘይት የወጣው «ጸደይ» የተባለው ጤፍም ቶሎ ደራሽ በመሆኑ ዝናብ ለሚያጥርባቸው ቦታዎች ተመራጭ ሆኗል።

ሁለተኛው መንገድ መቆጠብ ነው፤ ሥርን ወደ ታች መስደድ፣ ቅጠልን መጠቅለል፣ ውኃን በመጠን ማውጣት። የማሽላ ሥር ከ1 ሜትር ተኩል በላይ ሊወርድ ይችላል። ሦስተኛው መንገድ መቻል ነው፤ ውኃ ቢያጣም ሕዋሱ ሳይሞት ቆይቶ ዝናብ ሲመለስ ዕድገቱን መቀጠል። ማሽላ አበባ ሳያወጣ በፊት ድርቅ ቢመጣበት እንደ ተኛ ሆኖ ቆይቶ እንደገና መነሣት መቻሉን ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል። በቆሎ በዚህ በኩል ደካማ ነው።

ተክል ውኃውን የት ያደርገዋል?

ሥር ከመሬት ከሚስበው ውኃ ውስጥ ከመቶው 95 እጅ የሚሆነውና ከዚያም በላይ በተክሉ ውስጥ አልፎ በቅጠል በኩል ወደ አየር ይወጣል። በሰውነቱ ውስጥ የሚቀረው ጥቂት ነው። ውኃው የሚወጣው በዓይን በማይታዩ የቅጠል ቀዳዳዎች ነው። ተክሉ ምግቡን የሚሠራበትን አየር የሚያስገባውም በእነዚሁ ቀዳዳዎች ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ ምርጫ ላይ ነው፤ ቀዳዳውን ከከፈተ ይመገባል፣ ውኃውም ያልቃል፤ ከዘጋ ውኃውን ያተርፋል፣ ግን ይራባል። ቤት የምታስተዳድር እናት ለ15 ቀን የተሰጣትን ራሽን በስንት ቀን ልጨርሰው ብላ እንደምታሰላ፣ ተክልም እንዲሁ በሒሳብ የሚኖር ነው ማለት ይቻላል።

ቅጠሉ ቀዳዳውን መቼ እንደሚዘጋ በምን ያውቃል? ተመራማሪዎች የአንድን ተክል ሥር ለሁለት ከፍለው በሁለት ማሰሮ ተከሉት። አንደኛውን ማሰሮ ውኃ አጠጡ፤ ሌላውን አደረቁ። ቅጠሉ ከረጠበው ማሰሮ በቂ ውኃ ቢያገኝም ቀዳዳዎቹን መዝጋት ጀመረ። ከዚህ የተረዱት የደረቀው ሥር ለቅጠሉ «ችግር እየመጣ ነው» የሚል መልእክት የሚልክ መሆኑን ነው። ከመልእክተኞቹ አንዱ ተክሉ ራሱ የሚሠራው አብሲሲክ አሲድ የሚባል ንጥረ ነገር ነው። እንግዲህ ተክል የሚጠነቀቀው ውኃው ሙሉ በሙሉ ካለቀ በኋላ ሳይሆን ማለቅ ሲጀምር ነው።

ምርመራው እንዴት ይካሄዳል?

የምርመራው መሠረት አንድ ደንብ ነው፤ የሚመረመረው ነገር ብቻ ይለወጥ፣ ሌላው ሁሉ እኩል ይሁን። በመግቢያችን ላይ ያነሣናቸው ጎረቤታሞች መሬታቸው አንድ ዓይነት ይመስላል እንጂ አንዱ ዘንድ ፍግ ወድቆ ሊሆን ይችላል፤ ሌላው ዘንድ ድንጋይ ከሥር ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ተመራማሪው ማሳውን በትናንሽ መደቦች ይከፍልና እያንዳንዱን ዘር ሦስት ወይም አራት ቦታ ላይ ይዘራዋል። የትኛው ዘር የትኛው መደብ ላይ እንደሚውል የሚወሰነው በዕጣ ነው። በመካከሉም ገበሬው የሚያውቀው የቆየ ዘር ለማነጻጸሪያ ይገባል። አንድ ዘር በአራቱም ቦታ ከበለጠ ብልጫው ከዘሩ ነው፤ በአንዱ ቦታ ብቻ ከበለጠ ግን ከመሬቱ ሊሆን ይችላል።

ድርቅን ለመመርመር ደግሞ ዝናብን ማዘዝ አይቻልም። ስለዚህ ሙከራው ብዙ ጊዜ በበጋ በመስኖ ይደረጋል። ግማሹ ማሳ እስከ መጨረሻው ይጠጣል፤ ግማሹ ግን በታቀደ ቀን፣ ለምሳሌ አበባ ሊያወጣ ሲል፣ ውኃው ይቋረጥበታል። በኢትዮጵያ እንዲህ ያለው የቆላ ሰብል ምርምር ከሚካሄድባቸው ቦታዎች ዋናው ከአዳማ አጠገብ የሚገኘው የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ነው። ማዕከሉ እ.ኤ.አ. በ1969 የተቋቋመ ሲሆን የማሽላ ምርምርን በአገር ደረጃ ሲያስተባብር ቆይቷል።

አዝመራውን መመዘን መጨረሻው ነው። ከዚያ በፊት ግን ተክሉ በየቀኑ ምን እንደሚያደርግ በልዩ ልዩ ዘዴ ይለካል፦

1. ማሰሮን መመዘን። ተክሉ ያለበት ማሰሮ አፈሩ በላስቲክ ይሸፈንና ጠዋትና ማታ ይመዘናል። የቀነሰው ክብደት በቅጠል በኩል የወጣው ውኃ ነው። በዚህ ቀላል ዘዴ ገንዘቡን በአንድ ቀን የሚጨርስና በጥንቃቄ የሚያወጣ ተክል ተለይተው ይታወቃሉ።

2. ቅጠልን መመዘን። ከማሳ የተቆረጠ ቅጠል ወዲያው ይመዘናል፤ ውኃ ውስጥ ተነክሮ ከጠገበ በኋላ ይመዘናል፤ በምድጃ ደርቆ ለሦስተኛ ጊዜ ይመዘናል። ከሦስቱ ክብደት ቅጠሉ መያዝ ከሚችለው ውኃ ውስጥ ስንት እጁ እንደ ነበረው ይሰላል።

3. ግፊትን መለካት። እ.ኤ.አ. በ1965 ሾላንደር የተባለ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ባስተዋወቀው መሣሪያ፣ ቅጠሉ ጫፉ ብቻ ወደ ውጭ ወጥቶ በብረት ዕቃ ውስጥ ይዘጋል። ከዚያም ከተቆረጠው ጫፍ ውኃ ብቅ እስኪል ድረስ ጋዝ ይገባበታል። ብዙ የተጠማ ቅጠል ውኃውን አጥብቆ ስለሚይዝ ብዙ ግፊት ይጠይቃል።

4. የቅጠልን ሙቀት መለካት። ላብ ሰውን እንደሚያቀዘቅዝ፣ ከቅጠል የሚወጣ ውኃም ቅጠሉን ያቀዘቅዘዋል። ቀዳዳውን የዘጋ ቅጠል ይሞቃል። ሙቀቱ የሚለካው እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ጊዜ በየኬላው ግንባራችን ላይ ይደገን የነበረውን በመሰለ፣ ሳይነካ በሚለካ መሣሪያ ነው። ዛሬ ሰው በሌለበት ትንሽ አውሮፕላን ላይ ካሜራ ተጭኖ የመቶ መደቦች ሙቀት በአንድ ጊዜ ይነሣል።

የበቆሎ ጸጉር ምሥጢር

በእንዲህ ዓይነት ምርመራ ከተገኙት ነገሮች አንዱ በቆሎን ይመለከታል። በቆሎ ወንዴው አበባ ከአናቱ ላይ ይወጣል፤ ሴቴዋ ደግሞ ከጎኑ በምናየው ጸጉር ትታወቃለች። እያንዳንዱ ጸጉር ከአንድ ፍሬ ጋር የተያያዘ ነው። ዱቄቱ ከላይ በሚረግፍበት ጊዜ ጸጉሩ ወጥቶ ካልጠበቀው ፍሬ አይኖርም። ድርቅ ሲመጣ የአናቱ አበባ በጊዜው ሲወጣ ጸጉሩ ግን ይዘገያል። ዱቄቱ ካለቀ በኋላ የሚወጣ ጸጉር ትርፉ ጥርሱ የወላለቀ እሸት ነው።

በሜክሲኮ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የበቆሎና የስንዴ ምርምር ማዕከል ከ1970ዎቹ ጀምሮ በድርቅ ውስጥም በሁለቱ መካከል ያለው የቀን ልዩነት የሚያጥርባቸውን በቆሎዎች እየመረጠ ሲያዳቅል ቆየ። ከእ.ኤ.አ. 2007 ጀምሮም ይህ ሥራ ኢትዮጵያንና ኬንያን ጨምሮ በ13 የአፍሪቃ አገሮች ድርቅን የሚችል በቆሎ ለማውጣት በተያዘ ፕሮግራም ቀጥሏል። ይህን ለመመርመር ሰው የሚያስፈልገው ትዕግሥትና ማስታወሻ ደብተር ነው፤ አበባው በዚህ ቀን ወጣ፣ ጸጉሩ በዚያ ቀን ወጣ ብሎ መጻፍ።

ከኢትዮጵያ ማሳ እስከ አውስትራሊያ

አሁን ወደ ማሽላችን እንመለስ። ማሽላ ፍሬ በሚሞላበት ጊዜ ውኃ ሲያጣ ቅጠሉ ከታች ወደ ላይ ይደርቃል፤ አገዳው ይለሰልሳል፤ በመጨረሻም ይወድቃል። በአሜሪካ በቴክሳስ የሚገኙ ተመራማሪዎች ከልዩ ልዩ አገር የተሰበሰቡ ማሽላዎችን በድርቅ ሲፈትኑ፣ ጥቂቶቹ ግን እስከ አጨዳ ድረስ አረንጓዴ ሆነው እንደሚቆዩ አዩ። ከእነዚህ አንዱ አይ ኤስ 12555 በሚል ቁጥር የተመዘገበ የኢትዮጵያ ገበሬዎች ማሽላ ነበር። ከእሱ የተገኘው ቢ 35 የተባለ ዝርያ ለምለምነቱን እስከ መጨረሻው በማቆየቱ በዓለም ላይ ለዚህ ጠባይ ዋነኛ ምንጭ ሆነ።

ለምን ግን አረንጓዴ ሆኖ ቆየ? ጥያቄው ብዙ ዓመት ወሰደ። ተመራማሪዎች ቢ 35ን ከሌላ ማሽላ ጋር አዳቅለው ልጆቹንና የልጅ ልጆቹን አንድ በአንድ መረመሩ። አረንጓዴ ሆነው የቀሩት ከአያታቸው የወረሱት የትኛውን የዘር ክፍል እንደ ሆነ ሲፈልጉ ዋና ዋና አራት ቦታዎች ተገኙ። ከዚያም በአውስትራሊያ በኩዊንስላንድ የተደረጉና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተሙ ምርመራዎች አስገራሚ ነገር አሳዩ። ምሥጢሩ ድርቁ ከመጣ በኋላ በሚሆነው ብቻ አልነበረም፤ ቀደም ብሎ የተጀመረ ነበር። እነዚህ ማሽላዎች ገና ዝናብ እያለ ቅርንጫፍ አያበዙም፤ የላይኛው ቅጠላቸውም ትንሽ ነው። በዚህ ምክንያት አበባ እስኪያወጡ ድረስ ከአፈሩ የሚጠጡት ውኃ ያነሰ ነው። ሌላው ማሽላ በጥጋብ ጊዜ ውኃውን ሲጨርስ፣ እነሱ ያተረፉትን ፍሬ በሚሞላበት ጊዜ ያወጡታል።

እንግዲህ የመግቢያችን ጥያቄ መልስ ይኸው ነው። አገዳው የወደቀበት ገበሬ ማሽላ በመጀመሪያው ወር ከጎረቤቱ ይልቅ ያማረ፣ ቅጠሉ የሰፋ፣ ቅርንጫፉ የበዛ ኖሮ ሊሆን ይችላል። ቡቃያ ላይ ማማር ውኃን ቀድሞ መብላት የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ይህን ጠባይ ግን ቴክሳስም አውስትራሊያም አልፈጠሩትም። ዝናብ በሚያጥርበት ማሳ ላይ፣ በመጥፎው ዓመት ጸንቶ የቆመውን ዘለላ ለይቶ ለከርሞ ዘር ሲያስቀምጥ የኖረው ገበሬ ነው የመረጠው። የተመራማሪዎቹ ድርሻ ምክንያቱን ማወቅና ጠባዩን ወደ ሌላ ዝርያ ማሻገር ነው።

ምርምር የማይችለውም አለ

ያለ ውኃ የሚያፈራ ዘር የለም። እንደ 2020-2022 ያለው ተከታታይ ድርቅ ከማንኛውም ዘር አቅም በላይ ነው። ቆጣቢ ዘር ዝናብ በሚጠግብበት ዓመት ከሌላው ያነሰ ምርት ሊሰጥ ይችላል፤ ቶሎ ደራሽ ዘርም ብዙውን ጊዜ ከዘግይቶ ደራሹ ያነሰ ያፈራል። አንድ ጣቢያ ላይ የበለጠ ዘር ሌላ ቦታ ላይ ላይበልጥ ይችላል። ስለዚህ ብልህ ገበሬ ሙሉ ማሳውን በአንድ ዓይነት ዘር አይሞላም፤ ቶሎ ደራሹንና ዘግይቶ ደራሹን ከፋፍሎ ይዘራል። ይህን አባቶቻችን ያለ ቤተ ሙከራ ደርሰውበታል።

የዘር አደራ

ተመራማሪ ሊመርጥ የሚችለው ካለው ነገር ነው። የጠፋ ዘር አይመረመርም። በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመው የዘር ባንክ የገበሬውን ዘር ሰብስቦ በብርድ ክፍል የሚያስቀምጠው ለዚህ ነው። ማዕከሉን ለብዙ ዓመታት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ፣ ዘር በብርድ ክፍል ብቻ ሳይሆን በገበሬውም ማሳ ላይ ተጠብቆ መኖር አለበት ብለው በመሥራታቸው እ.ኤ.አ. በ1989 «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት ተቀብለዋል።

ከምዕራብ ሸዋ፣ ከወሎንኮሚ መንደር የተነሡት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ ደግሞ በሱዳን ሲሠሩ ሐጌን ዱራ-1 የተባለውን ድርቅን የሚችል ድቅል ማሽላ አወጡ፤ እ.ኤ.አ. በ1983 ለገበሬዎች ተሠራጨ። በኋላም ማሽላን የሚያጠቃውን አቀንጭራ በመቋቋም ሥራቸውም ጭምር በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት ተሰጣቸው። ከአገር ርቆ የተሠራ ሥራም ለአገር ሰው ሊደርስ እንደሚችል ይህ ያሳያል።

ስደት ደግሞ ዘርን የሚያጠፋ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2018 ከ10,000 በላይ ሰዎች ከኢትዮጵያ ወደ ሞያሌ ኬንያ የተሻገሩት ረጅሙ ዝናብ በሚጠበቅበት ወር ነበር። ልጅ ታቅፎ የሚሸሽ ሰው የዘር ጎታውን ተሸክሞ አይወጣም። ነገር ግን የዘሩን ስምና ጠባይ፣ መቼ እንደሚዘራና ስንት ወር እንደሚፈጅ በአእምሮው ይዞ ይወጣል። ይህ ዕውቀት ካልተጻፈ ወይም ለልጅ ካልተነገረ እሱም እንደ ዘሩ ይጠፋል።

በደጃችሁ ልትሞክሩት የምትችሉት

የብቅለት ሙከራ፦ 100 ፍሬ ቆጥራችሁ በረጠበ ጨርቅ ጠቅልሉ፤ በጥላ ሥር አኑሩ፤ ጠዋትና ማታ አርጥቡት። በሰባተኛው ቀን ሥርና ቡቃያ ያወጡትን ቁጠሩ። 80 እና ከዚያ በላይ ከበቀለ ዘሩ ጥሩ ነው። ከ50 እስከ 80 ከሆነ ጠቅጠቅ አድርጋችሁ ዝሩ። ከ50 በታች ከሆነ ለዘር አይሆንም።

የቆርቆሮ ሙከራ፦ ስድስት እኩል የዘይት ቆርቆሮዎች ከሥራቸው ብሱና አንድ ዓይነት አፈር ሙሉባቸው። በሦስቱ አንዱን ዘር፣ በሦስቱ ሌላውን ዝሩ። አምስት ቅጠል እስኪያወጡ ድረስ በአንድ መለኪያ እኩል አጠጡ፤ እህል የታጠበበት ውኃ ይበቃል። ከዚያ ውኃውን አቁሙና በየቀኑ እኩለ ቀን ላይና ጎህ ሲቀድ ተመልከቱ። እኩለ ቀን ላይ ተጠቅልሎ ጎህ ሲቀድ የሚዘረጋ ቅጠል እየቆጠበ ነው፤ ጎህ ሲቀድም እንደ ተጠቀለለ የሚገኝ ግን በእርግጥ ውኃ አልቆበታል። በመጨረሻ አጠጡና የትኛው እንደሚያገግም እዩ። ይህ ሙከራ የቡቃያን ጥንካሬ እንጂ የፍሬን ነገር አያሳይም።

ማሳሰቢያ፦ በራሽን የሚታደለው እህል ለምግብ የመጣ ነው። ከየት እንደ መጣ ስለማይታወቅ ለዘር ከማዋላችሁ በፊት የብቅለት ሙከራ አድርጉ፤ በመጀመሪያም በትንሽ ቦታ ብቻ ሞክሩት። በተቃራኒው ቀይ ወይም ሌላ ቀለም የተቀባ ዘር በመድኃኒት የታሸ ነው። ቢታጠብም መርዙ አይለቅም፤ ለሰውም ለዶሮም አይሰጥም።

በመጨረሻም አንድ ጥያቄ አለን። በአገራችሁ ሳላችሁ ትዘሩት የነበረው ማሽላ፣ በቆሎ ወይም ጤፍ ስሙ ማን ነበር? በስንት ወር ይደርስ ነበር? ዝናብ ሲቋረጥስ እንዴት ይሆን ነበር? ጽፋችሁ፣ መጻፍ የማትችሉም በልጆቻችሁ አጽፋችሁ ለዝግጅት ክፍላችን ብትልኩልን በሚቀጥሉት እትሞች እናወጣዋለን።